የሚሽሚሽ መርፌና የደውለት እጅ

«አላህ ያሽርዎት ሐጅ!» ብዬ የሾርባውን ድስት ስዘረጋላቸው፣ ሐጅ ባዩሚ በሩን እንደያዙ አፈጠጡብኝ። የታመመ ሰው አይመስሉም። በአንድ እጃቸው ጥሬ ሽንኩርት ይዘዋል፤ ጢማቸው ላይ የፉል ፍርፋሪ አለ።

«ከምኑ ነው የሚያሽረኝ?» አሉ።

«ከያዘዎት ነገር ነዋ። ኢንሽራሕ ጠዋት በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ለእህቷ በስልክ ስትነግራት ሰምቼ ነው። ‹መርፌ ተወጋ፣ ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ፣ እህል የሚባል አልቀመሰም› ስትል።»

ሐጅ ባዩሚ አንዴ እኔን አንዴ ድስቱን አዩ። ክዳኑን ገለጥ አድርገው አሸተቱ።

«ዶሮ ነው?»

«ዶሮ ነው።»

«እንግዲያውስ ትንሽ ያመኛል» አሉና ድስቱን ተቀብለውኝ ወደ ጓዳ ገቡ።

ልመለስ ስል ሚስታቸው ኢንሽራሕ ከውስጥ ደርሳ በክንዴ ጎትታ አስገባችኝና በሩን ዘጋች። ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጣሪያው ጠቆመች። ከጣሪያው በላይ የምትኖረው ደውለት ናት።

«ቀስ በይ ኡም ሹክሪ! ያቺ እንዳትሰማ!»

«ምኑን?»

ወደ ሐጅ ባዩሚ ወንበር አመለከተችኝ። በሐጅ የክረምት ካፖርት ላይ ሚሽሚሽ ተዘርግቷል። ሚሽሚሽ የኢንሽራሕ ድመት ነው፤ እንደ በሰለ ኮክ የቀላ፣ ወፍራም፣ ኩሩ። ያን ቀን ግን ኩራቱ የለም። ማጅራቱ ላይ ጸጉሩ ረግፎ ቁስሉ ይታያል።

«ከዓሣ ገበያው ድመቶች ጋር ተናክሶ አንገቱ መግል ቋጠረ» አለችኝ። «ትናንት በታክሲ ስሙሓ ድረስ ወስጄው የእንስሳት ሐኪም አየችው።»

«ስሙሓ ድረስ!» ከእኛ ሰፈር ከአንፉሺ እስከዚያ ከተማውን ማቋረጥ ነው። «ከራስሽ በላይ መርፌ ወጊ ተቀምጣ?»

«እሷን እኮ ነው እንዳትሰማ ያልኩሽ!»

አሁን ስለ ደውለት እጅ መናገር ግድ ይለኛል። ደውለት የጀልባ ባለቤት የነበረው ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ባሏ ስኳር ነበረበትና እሱን ስትወጋ ዓመታት ሲያልፉ እጇ ሰላ። ከዚያ ወዲህ በእኛ መንገድ የእሷን መርፌ ያልቀመሰ የለም። ሐኪም መርፌ ሲያዝ ሰው ክሊኒክ አይመለስም፤ መድኃኒቱን ገዝቶ የደውለትን በር ያንኳኳል። ገንዘብ አትቀበልም። የምትቀበለው ምስጋና ነው፤ እሱን ግን አጉድለህ ሰጥተሃት አትሄዳትም። «እጇ ቀላል ነው» ይላል ሰው። እኔም ተወግቼ አይቻለሁ። እውነት ነው፤ ትንኝ ያረፈችብህ ያህል ነው።

ነገር የመጣው ሐጅ ባዩሚ ይህንኑ በሚስታቸው ፊት የተናገሩ ዕለት ነው። ሐጅ ዕድሜያቸውን ትራም ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ወገባቸውን ያማቸዋል። ሐኪሙ የቫይታሚን መርፌ አዘዘላቸው፤ ደውለት ወርዳ ወጋቻቸው። ሱሪያቸውን እየታጠቁ፣ «ወጋሽኝ እንዴ? ሳላውቀው! ይህማ ሐር ነው እንጂ እጅ አይደለም!» አሉ። ይህን ያለው አፍ እንግዲህ በዚያ ሁሉ ዘመን ትዳር የኢንሽራሕን እጅ አንድ ቀን እንኳ አመስግኖ የማያውቅ አፍ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በእኛ ሕንፃ ሰላም የለም። ደውለት ለመውጋት በመጣች ቁጥር የባሏን ሱሪ የምትይዘው ኢንሽራሕ ራሷ ናት፤ ለመርፌው ከሚበቃው በላይ አንዲት ጣት ዝቅ እንዲል አትፈቅድም።

ከባሏ ቀጥሎ የመጣው ድመቷ ነው። በእኛ ሰፈር ሁላችንም ከበረንዳችን በገመድ ቅርጫት እናወርዳለን፤ አትክልት ሻጩ ከታች ይሞላልናል፣ እኛ እንስባለን። የደውለት ቅርጫት ግን ሲመለስ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከኢንሽራሕ በረንዳ ፊት ለፊት፣ ይዘገያል። ውስጡ የዓሣ ጭንቅላት አለ። ሚሽሚሽ ከበረንዳው ብረት ላይ ዘሎ ይገባል፤ እንደ ፓሻ ተቀምጦ ወደ አራተኛ ፎቅ ይሳባል። እኔ ሁለተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ መጋረጃ እየሰፋሁ ይህን ሁሉ አያለሁ። የኢንሽራሕ ፊት በዚያች ሰዓት ሎሚ የመጠጠ ሰው ፊት ነው።

«ዓሣ ያበላ ሁሉ እናት ሊሆን ነው?» ትለኛለች ከላይ አጎንብሳ።

«ድመት እኮ ነው ኢንሽራሕ።»

«ድመትስ ቢሆን! ዓይኑን ሳይከፍት በጥጥ ወተት እያጠባሁ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ለዓሣ ጭንቅላት ብሎ ሲከዳኝ እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኛል?»

እንግዲህ ሚሽሚሽ ሲታመም ደውለትን መጥራት ማለት ለኢንሽራሕ ድመቷን በገዛ እጇ ማስረከብ ነበር። ባሏ ያመሰገነባትን እጅ ድመቷም ሊያመሰግነው ነው። ስለዚህ ድመቷን በልብስ ቅርጫት ውስጥ ደብቃ፣ በላዩ ፎጣ ጣል አድርጋ፣ ደውለት ገበያ በሄደችበት ሰዓት ተሸክማው ወጣች።

«ሐኪሟ ዶክተር ሻሂንዳ ትባላለች» አለችኝ በሹክሹክታ። «መዘነችው። ከዚያ ጥያቄ ብታይ! ከዚህ በፊት በመርፌ ፊቱ አብጦ ያውቃል ወይ፣ ኩላሊቱን አሞት ያውቃል ወይ፣ ሌላ መድኃኒት እየወሰደ ነው ወይ። እኔ ስወልድ እንኳ ይህን ያህል የጠየቀኝ የለም። በመጨረሻ ከቆዳው ሥር አንዴ ጠቅ አደረገችው። ይህ አንቲባዮቲክ ሁለት ሳምንት ሰውነቱ ውስጥ ይቆያል አለች። አንዴ ከገባ ደግሞ ማውጫ የለውም፤ እኔን ሳይጠይቁ ምንም እንዳይጨምሩለት አለች።»

«ታዲያ ይህ ምን የሚደበቅ ነገር አለው?»

«ያለ እሷ ላድነዋ! ሲድን፣ ጸጉሩ ሲበቅል፣ ያን ጊዜ እነግራታለሁ። ‹በይ የሐር እጅ፣ ይኸው ያለ አንቺም ዳነ› እላታለሁ። እስከዚያ ትንፍሽ ብትዪ ተጣልተናል።»

ትንፍሽ አልልም ብዬ ማልኩ። ከጓዳ የሐጅ ድምፅ መጣ። «ኡም ሹክሪ! ሾርባሽ ጨው አንሶታል!»

በማግስቱ ከገበያ ስንመለስ እኔና ኢንሽራሕ ደረጃው ላይ ደውለትን አገኘናት። ዘምቢሏን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች።

«ኢንሽራሕ፣ ሚሽሚሽ በረንዳሽ ላይ ተኝቶ ከላይ አየሁት። አንገቱ ላይ ያለው ምንድን ነው? መግል የያዘ ነው የሚመስለው።»

«ጭረት ናት።»

«ሐኪም አየው?»

«ለጭረት የምን ሐኪም ነው?»

«መርፌስ? ምንም አልወሰደም? የቆሰለ ድመት ዝም ሲባል ደሙ ይመረዛል። ከፈለግሽ ወርጄ…»

«ምንም አልወሰደም፣ ምንም አያስፈልገውም!» አለች ኢንሽራሕ። «ምነው ደውለት፣ የሚወጋ ሰው ጠፋና ድመት አማረሽ?»

ደውለት ዘምቢሏን አነሳች። «እኔ ሳይጠሩኝ አቤት፣ ሳይልኩኝ ወዴት አልልም» ብላ ሽቅብ ወጣች። አፏ እንዲህ አለ፤ ጀርባዋ ግን እሺ ያለ ጀርባ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ መጥታ ተቀመጠች። ሻዩን በናና ቅጠል አፍልቼ ሰጠኋት፤ ብርጭቆውን ይዛ አልጠጣችም።

«ባል አላት» አለችኝ ድንገት። «ኡም ሹክሪ፣ ባል ያላት ሴት ድመት ምን ያደርግላታል? እሷ ቤት ሰው ያስላል፣ ሰው ይቆጣል፣ ሰው ሾርባው ጨው አነሰው ይላል። እኔ ቤት ያ ድመት በመስኮት ሲገባ ነው ድምፅ የሚሰማው። እሷ እሱን እንኳ መጠበቅ አቃታት። ዓይኔ እያየ ሊበሰብስባት ነው።»

ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ መሐላዬ ትዝ አለኝና ብስኩት ጎረስሁበት።

ሚሽሚሽ እንደ ሐኪሟ አነጋገር ተሻለው። ጆሮው ቆመ፣ መብላት ጀመረ፣ ቅርጫቱ ሲወርድለትም እንደ ድሮው ዘሎ ገባ። ኢንሽራሕ ድሏን ለመናገር ጸጉሩን ብቻ ነው የምትጠብቀው። እኔ ግን ከላይ ሲመለስ አንድ ነገር አየሁ። በደረጃ ነው የሚወርደው፤ ቀኝ የኋላ እግሩን እየሳበ። በማግስቱም ወጣ፤ ሲወርድ ግራ እግሩን ነው የሚያነክሰው። «ይህ ድመት የትኛው እግሩ እንደሚያመው ረሳው እንዴ?» ብዬ ስቄ ወደ ስፌቴ ተመለስሁ።

ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቀንም ደርሶ መጣ። ከዚያ በኋላ ግን ቅርጫቱ መጥቶ ቢወዛወዝ ሚሽሚሽ ከወንበሩ ሥር አልወጣም። ቢጫ ነገር አስመለሰው። ውሃው ፊት ቁጢጥ ብሎ ያየዋል እንጂ አይጠጣም። ኢንሽራሕ ስትጮህ ደርሼ አየሁት፤ ዓይኑ ገብቷል።

ዶክተሯ ዘንድ ደወልን። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ሁላችንም የምንሰማው አደረግነው።

«ከእኔ መርፌ በኋላ የወሰደው ሌላ ነገር አለ?» አለች ዶክተሯ።

«ወላሂ ምንም!»

«በደንብ ያስቡ እናቴ። ክኒን? የሰው መድኃኒት? ሌላ መርፌ?»

«ማን ይሰጠዋል? እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት!»

ያን ጊዜ የድመቱ እግሮች ትዝ አሉኝ። አንድ ቀን ቀኝ፣ አንድ ቀን ግራ። ይህን አነካከስ እኛ ሕንፃ ውስጥ የማያውቀው የለም። ደውለት ዛሬ ቀኝ ከወጋች ነገ ግራ ነው፤ «አንዱ ጎን እንዳይሰለች» ትላለች። ሐጅ ባዩሚም በቫይታሚናቸው ሰሞን ልክ እንደዚሁ ነበር የሚያነክሱት።

«ስልኩን እንዳትዘጊው» አልኩና ደረጃውን ወጣሁ።

ደውለት በሩን ስትከፍት የዓሣው ሽታ ተቀበለኝ፤ ለሚሽሚሽ ነበር የምታዘጋጀው።

«ወግተሽዋል?» አልኳት።

«ማንን?»

«ደውለት፣ ድመቱ ሊሞት ነው።»

ፊቷ አመድ መሰለ። ወደ ውስጥ ገባችና ባዶ ብልቃጦች በመዳፏ ይዛ ወጣች። «የወንድሜ ልጅ እጁን ዓሣ ወግቶት የታዘዘለት ነው፤ የተረፈ አንቲባዮቲክ» አለች ደረጃውን እየወረድን። «ግማሽ ግማሹን ነው የሰጠሁት። ትንሽ ስለሆነ እኮ ግማሽ ነው የሰጠሁት!»

ኢንሽራሕ በሩ ላይ አየቻት፣ ብልቃጦቹን አየች፣ ሁሉም ገባት።

«አንቺ!» አለች። «ባሌን አልበቃሽ ብሎ!»

«እኔ? አንቺ አይደለሽም ‹ምንም አልወሰደም› ያልሽኝ? መወጋቱን ባውቅ እጄን አነሳበት ነበር?»

«ሳልጠራሽ ማን ንኪው አለሽ?»

«ዓይኔ እያየ ይበስብስ?»

«እናቶቼ!» አለ ስልኩ ከጠረጴዛው ላይ። «እናቶቼ፣ በኋላ ትደርሱበታላችሁ! ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አንብቡልኝ!»

ሁለቱም ያለ መነጽር አያዩም፤ ቢያዩም በዚያ ሰዓት የሚያነብ ዓይን አልነበራቸውም። ተቀብዬ በስድስተኛ ክፍል ትምህርቴ ፊደል በፊደል አነበብሁላት። «አሁኑኑ አምጡት» አለች። «ብልቃጡንም ይዛችሁ ኑ።»

ታክሲው ውስጥ ሐጅ ባዩሚ ከፊት፣ እኛ ሦስታችን ከኋላ ሆንን። እኔን መሀል አስገቡኝና ድመቱን ከነቅርጫቱ ጭኔ ላይ አስቀመጡት፤ እንደ ድንበር መሆኔ ነው። ሹፌሩ በመስታወት አይቶ፣ «የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሁለቱም በአንድ አፍ «የእኔ!» አሉት። ሰውዬው እስክንደርስ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

ዶክተር ሻሂንዳ ቀጠን ያለች ወጣት ናት፤ ጸጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላዋለች። ሚሽሚሽን መዘነች፣ ደም ቀዳች፣ ከዚያ ወደ ደውለት ዞረች።

«ስንት ስንት ሰጡት?»

«ግማሽ ብልቃጥ፣ በቀን አንዴ» አለች ደውለት። «ለሦስት ቀን። አንቲባዮቲክ ተጀምሮ አይቋረጥም ሲባል ስለማውቅ…»

«ግማሽ» አለች ዶክተሯ። ዓይኗን አንስታ ሐጅ ባዩሚን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «ሐጅ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስንት ኪሎ ነዎት?»

«ዘጠና» አሉ ሐጅ። ቀጥለውም፣ «ከነጫማዬ።»

«ይህ ብልቃጥ የተለካው ለእርስዎ ዓይነት ሰው ነው። ሚሽሚሽ አራት ኪሎ ነው። የእርስዎ ግማሽ ነው እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። እኔ ብቻ ሳቄ መጥቶ ሳል አስመሰልሁት።

«የእኔ መርፌ ገና እየሠራ ነው» አለች። «ለዚህ ነው አስቀድሜ ያን ሁሉ የምጠይቀው። ረጅም ጊዜ የሚቆይ መድኃኒት ጥሩነቱም መጥፎነቱም እሱ ነው፤ ድመቱን በየቀኑ አያስጨንቁትም፣ ነገር ግን ተሳሳትሁ ብለው መልሰው አይመጥጡትም። በላዩ የጨመሩበት ደግሞ ኩላሊት ላይ የሚከብድ ዓይነት ነው። ለአንዱ ፍጡር የታዘዘ ለሌላው አይተርፍም። አሁን ጉሉኮስ እየሰጠን ኩላሊቱን እናግዘዋለን። ከተረፈ ትወስዱታላችሁ።»

«ከተረፈ» የምትለዋ ቃል ክፍሉ ውስጥ ቀረች።

ዶክተሯ የጉሉኮሱን መርፌ ድመቱ የፊት እግር ላይ እያሰረች፣ ሳታያት፣ ደውለትን ጠየቀቻት። «እንደተወጋ ግን አያውቁም ነበር? እንዲህ እጅዎ የለመደ ሰው ሳይጠይቁ አይወጉም።»

ደውለት አልመለሰችም። ብትመልስ ኖሮ በአንዲት ቃል ኢንሽራሕን ትገድላት ነበር፤ መሬት መሬቱን አየች እንጂ አልመለሰችም። ከዚህ የከፋ ነገር ለኢንሽራሕ አልነበረም። ደውለት በመርፌ መብለጧ ሳያንስ አሁን በዝምታ ልትበልጣት ነው።

«ጠይቃኛለች» አለች ኢንሽራሕ። «ምንም አልወሰደም ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ለምን እናቴ?»

ኢንሽራሕ ባሏን አየች። ደውለትን አየች። ከዚያ የራሷን እጆች ገለበጥ አድርጋ አየች።

«በቃ» አለች።

በዚያች «በቃ» ውስጥ ስንት የሱሪ ጫፍና ስንት የዓሣ ጭንቅላት እንዳለ እኔ አውቃለሁ። ዶክተሯ ግን ገና ልጅ ናትና የሰማችው «በቃ»ን ብቻ ነው።

ሚሽሚሽ ክሊኒክ ሰንብቶ ተረፈ። ከስቶ፣ ጸጉሩ ደብዝዞ፣ ግን በገዛ እግሩ ቆሞ ጠበቀን። ልንወስደው ስንል ዶክተሯ ኩላሊቱ እስኪጠና ድረስ በየቀኑ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ መሰጠት አለበት፣ እቤት ሆናችሁ ትሰጡታላችሁ አለች። መርፌውን ለኢንሽራሕ አስያዘቻት። ኢንሽራሕ ቢስሚላህ ብላ ወጋች፤ መርፌው በአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው ወጣና ውሃው በሐጅ ባዩሚ ሸሚዝ ላይ ተረጨ። ሁለተኛ ጊዜ የራሷን አውራ ጣት አገኘችው።

«ቤታችሁ ውስጥ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው አለ?» አለች ዶክተሯ።

ሐጅ ባዩሚ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፈረስ ሥዕል መመርመር ጀመሩ። ደውለት በሩ ጋ ቆማ ነበር። ኢንሽራሕ የተወጋ አውራ ጣቷን በሻሿ ጫፍ ጠቀለለች።

«አንዲት ጎረቤት አለች» አለች። «እጇ ቀላል ነው።» ከዚያም ጨመረችበት። «ይላሉ።»

ዶክተሯ ደውለትን ጠርታ እንደ ተማሪ ፊቷ አቆመቻት። «እኔ ከለካሁልዎት ሌላ አንዲት ጠብታ?»

«አትገባም» አለች ደውለት።

«ጥሩ የሚመስል፣ የተረፈ፣ ከጓዳ የተገኘ?»

«ጓዳዬ ያለውን ሁሉ ጥዬዋለሁ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከአሱር ሶላት በኋላ ደውለት ትወርዳለች። ደፍ ላይ ስትደርስ ትቆማለች፤ ግቢ ካልተባለች አትገባም። ኢንሽራሕም ቶሎ ግቢ አትላትም። መጀመሪያ ወንበሩን ታስተካክላለች፣ ፎጣውን ታጥፋለች፣ የታጠፈውን ዘርግታ እንደገና ታጥፋለች፣ ከዚያ «ግቢ» ትላለች። ሐጅ ባዩሚ ሻይ ያፈላሉ። ደውለት የድመቱን ማጅራት እንደ ድንኳን ከፍ ታደርግና መርፌውን ታስገባዋለች። ሚሽሚሽ ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም። አንድ ቀን ጭራሽ እየተወጋ በደስታ ያንጎራጉር ጀመር።

ኢንሽራሕ ድመቱን የያዘችበት እጅ ሲጨብጥ አየሁ። ደውለት ከወጣች በኋላ፣ «ሰማሽው?» አለችኝ። «እኔ ዓሣ በእጄ ሳጎርሰው እንዲያ አያንጎራጉርም። ለመርፌ!»

በማግስቱ ደውለት ገና እንደገባች፣ «መውጋት አስተምሪኝ» አለቻት።

«ምን አደከመሽ? እኔ በየቀኑ እመጣ የለ?»

«ለዚያ ነው።»

ደውለት ከንፈሯን ነክሳ ብርቱካን አምጪ አለቻት፤ ነርሶች የሚማሩት በብርቱካን ነው። ኢንሽራሕ ብርቱካኑን እንደ ጠላት ይዛ ወጋችው። ጭማቂው በጣቶቿ መሀል ፈሰሰ።

«ብርቱካኑ ምን በደለሽ?» አለች ደውለት። «ቀስ በይ፣ ጫፉን ወደ ላይ፣ አትፍሪው።»

«አልፈራሁትም።»

«እንግዲያስ አትጥይው።»

አስተማረቻት፤ አያያዙን፣ አየር ማውጣቱን፣ ቦታ መምረጡን። አንድ ነገር ግን አልነገረቻትም ብዬ እጠረጥራለሁ። የእጅ አንጓዋን ስታዞር የምታደርጋት ትንሽ ነገር አለች፤ እዚያ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ጀርባዋን ትሰጠናለች። አልፈርድባትም። ባልም ድመትም የሌላት ሴት አንድ ነገር ለራሷ ማስቀረት አለባት።

ዶክተሯ ደሙን እንደገና መርምራ ኩላሊቱ ደህና ነው፣ መርፌ ይቁም ስትል ሁላችንም አልሐምዱሊላህ አልን። ሁለቱ ሴቶች ግን በደንብ ያልተደሰቱ ይመስሉ ነበር። የዚያን ዕለት ከአሱር በኋላ ደውለት ለምዷት ደረጃው ግማሽ ድረስ ወረደችና ትዝ ሲላት ተመለሰች። ኢንሽራሕም ፎጣውን ዘርግታ አጥፋ፣ በሩን ከፍታ አይታ ዘጋች። ይህን ያየሁት ደረጃ ስጠርግ ነው፤ ያን ሰሞን ደረጃችን በጣም ነበር የሚቆሽሸው።

ሳምንት ሳይሞላ ሐጅ ባዩሚን ወገባቸው ያዛቸው። ሐኪሙ ያንኑ የፈረደበት ቫይታሚን በወረቀት አዘዘላቸው። ኢንሽራሕ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ዛሬ እኔ ነኝ!» ስትል በራቸው ክፍት ስለነበር ሰማሁ።

ሐጅ ባዩሚ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆመዋል፤ መቀመጥም መተኛትም አቅቷቸዋል። ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

«ኢንሽራሕዬ፣ ብርቱካኑ እንኳ አልቅሷል።»

«ሁለተኛው አላለቀሰም!»

«ሁለተኛውንማ ጨምቀሽ ጠጣሽው።»

«የዛሬ ስንት ዓመት ላገባህ ስመጣ ‹በእጅሽ መርዝ ቢሆን እጠጣለሁ› አላልከኝም?»

«መጠጣትማ እጠጣለሁ፤ የሚጠጣ አምጪልኝ።»

ሐጅ አንዴ አቃሰቱ። እንደገና አቃሰቱ፤ ይህኛው እውነተኛ ነበር። ኢንሽራሕ ወደ ደረጃው ወጣች። እኔ ከታች መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜያለሁ፤ አላየችኝም ወይም እንዳላየች ሆነች። የደረጃውን ብረት ጨብጣ ሽቅብ አየች። ያ የሎሚ ፊቷ መጣ፣ ከዚያም ቀስ እያለ ሄደ።

«ደውለት!»

ከላይ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«ደውለት! እንደሰማሽኝ አውቃለሁ! ነይ ውረጂና ሐጅን ውጊልኝ። ሐኪም ያዘዘው ነው፣ ወረቀቱም ይኸው፣ ሌላ የወሰደው ነገር የለም፣ በአላህ ስም እውነቴን ነው!»

ከላይ በር ሲጢጥ ሲል ተሰማ። የነጠላ ጫማ ድምፅ ሁለት ጊዜ ቋ ቋ አለና ቆመ። ሁላችንም ጠበቅን፤ ሐጅ ባዩሚም ማቃሰታቸውን አቁመው ጆሯቸውን ጣሉ።

«ተመዝኗል?» አለች ደውለት።